የተወረሰ ኤክስቼንጅ ገንዘባችንን መልሶ እንደገና ሊከፈት ይችላል?

ባለባላንስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስጠቀምበት የነበረ የክሪፕቶ ኤክስቼንጅ (ቢትኮይንና መሰሎቹ የሚገበያዩበት ሳይት) ድንገት ተዘጋ። መጀመሪያ "ጥገና ላይ ነን" የሚል ጽሑፍ ብቻ ነበር። ቆይቼ ስከፍተው የፖሊስ አርማዎች የተደረደሩበት፣ ዶሜኑ (የሳይቱ አድራሻ) በፍርድ ቤት ትእዛዝ መወረሱን የሚናገር ገጽ መጣ። ጉዳዩ ገና በእንጥልጥል ስለሆነ ስሙን እዚህ አልጠራም።

ቢትኮይንም ዩኤስዲቲም (ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራው ኮይን) ነበረኝ። ብዙ ነው የሚባል አይደለም፣ ለእኔ ግን ትልቅ ገንዘብ ነው። አሁን አድሚኖቹ ቴሌግራም ቻናላቸው ላይ ይጽፋሉ። የሚሉት ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ሰርቨሮቹ ተወስደዋል፣ የዳታቤዙ ቅጂ ግን አለን፣ ከኮይኑም ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእጃችን ነው፣ በአዲስ ስምና በአዲስ ዶሜን እንከፍታለን፣ ከባላንሳችሁ ከፊሉን በኮይን ቀሪውን በቶክን (ራሳችን በምናወጣው የዕዳ ምልክት) እናስገባላችኋለን፣ ቶክኑንም ትርፍ ስናገኝ ቀስ በቀስ መልሰን እንገዛችኋለን።

ግሩፑ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "እነዚህ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ቢፈልጉ ዝም ብለው ይጠፉ ነበር" ይላል። ግማሹ ደግሞ መርዶ እንደሰማ ሰው ነው።

እስኪ ንገሩኝ፣ እንዲህ ተደርጎ ያውቃል? ከተደረገስ ሰዎቹ ገንዘባቸውን አገኙ? ወይስ እነሱን ትቼ ክሱን ወደከፈተው አገር ፍርድ ቤት ነው ማመልከት ያለብኝ? ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድስ ይቻላል? የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሰንሰለት፦

አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ መንግሥት በትክክል ምን ምን እንደወሰደ ለይተህ እወቅ። ሳይቱ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ስለ ኮይኑ ብዙም አይነግርህም።

ዶሜን መውሰድ ቀላሉ ነው። ዶሜኑን ለሚመዘግበው ድርጅት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይላካል፣ በቃ። ሰርቨር ትንሽ ይከብዳል፤ ዳታ ሴንተሩ ያለበት አገር ፖሊስ መተባበር አለበት። ሰርቨር ከሄደ ማን ስንት እንዳለው የሚያሳየው መዝገብ አብሮ ይሄዳል። ኮይን ግን ሰርቨር ውስጥ አይቀመጥም። ያለው ብሎክቼይን በሚባለው ለሁሉም ክፍት የሆነ የጋራ መዝገብ ላይ ነው፣ የሚያንቀሳቅሰውም ፕራይቬት ኪዩን (ምስጢራዊ ቁልፉን) የያዘ ሰው ብቻ ነው። በየቀኑ ዊዝድሮው (ወጪ) የሚከፈልበት፣ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘው የሆት ዋሌት ቁልፍ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ስለሚገኝ አብሮ ይያዛል። ከኢንተርኔት ውጭ የሚቀመጠው ኮልድ ዋሌት ግን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ከፊሉ በእጃችን ነው" ማለታቸው ብቻውን ውሸታም አያደርጋቸውም።

ዩኤስዲቲው ግን ሌላ ነገር ነው። አውጪው ቴተር ነው፣ ቴተር ደግሞ አንድን አድራሻ ከፈለገ ያግደዋል። ያኔ ቁልፉን የያዘው ሰውም ምንም ማድረግ አይችልም። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ጋራንቴክስ የሚባለው የሩሲያ ኤክስቼንጅ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አሜሪካ፣ ጀርመንና ፊንላንድ ተባብረው ዶሜኑንና ሰርቨሮቹን ወሰዱ። ቴተርም ወደ 28 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዩኤስዲቲ አገደ። ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብም ከዚህ አይለይም፣ አንድ የእግድ ደብዳቤ ይበቃዋል።

አንተ ልታደርገው የምትችለው ነገር አለ። ዲፖዚት ያደረግክበትን አድራሻ ብሎክ ኤክስፕሎረር (የብሎክቼይን ዝውውሮችን የሚያሳይ ሳይት) ላይ አስገባና ኮይንህ የት የት እንደሄደ ተከተል። ኤክስቼንጆች የደንበኞችን ዲፖዚት ወደ ጥቂት ትልልቅ አድራሻዎች ስለሚሰበስቡ ዋሌቶቻቸውን ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። ከተዘጋ በኋላ ከእነዚያ አድራሻዎች የወጣ አለ? መቼ? ወዴት? ከዚያ አድሚኖቹን በግልጽ ጠይቃቸው፦ "ኮይኑ በእጃችሁ ከሆነ በዚያ አድራሻ ቁልፍ አንድ መልእክት ሳይን አድርጋችሁ (በዲጂታል ፊርማ አረጋግጣችሁ) ለጥፉ።" አንድም ሳቶሺ (የቢትኮይን ትንሿ ክፍልፋይ) ሳያንቀሳቅሱ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራ ነገር ነው። ቁልፉ ያለው ሰው ይህን የሚከለክለው ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። እሺ ካላሉ በቴሌግራም የሚጽፉት ሁሉ ወሬ ነው።

ቁርጡን_ተናጋሪ፦

ገንዘቡ ተበልቷል። እርሳውና ኑሮህን ቀጥል። ተስፋ የሚሰጡህ ሰዎች ዕድሜህን ነው የሚበሉት።

የቆየ_ነጋዴ፦

@ቁርጡን_ተናጋሪ እንዲህ ብሎ መዝጋት ልክ አይደለም። ሰውዬው የጠየቀው ተደርጎ ያውቃል ወይ ብሎ ነው፣ መልሱም አዎ ነው። እሱ የሚነግረን ዕቅድ ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልኩ ከዚህ በፊት ተሠርቶበታል። እንዴት እንዳለቀ ልንገርህ።

ቢቲሲ-ኢ የሚባል ኤክስቼንጅ ነበር። በ2011 የተከፈተ፣ ማንነት ሳይጠይቅ የሚያገበያይ፣ በጊዜው ከትልልቆቹ አንዱ። ጁላይ 25 ቀን 2017 ሳይቱ ጠፋ። መጀመሪያ እነሱም "ጥገና" ነው ያሉት። በዚያው ቀን ከኦፕሬተሮቹ አንዱ ነው የተባለው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቪኒክ ግሪክ ውስጥ ለዕረፍት በሄደበት ተያዘ። የአሜሪካ የገንዘብ ወንጀል ተቆጣጣሪ የሆነው ፊንሴን በኤክስቼንጁ ላይ 110 ሚሊዮን ዶላር፣ በእሱ ላይ ደግሞ 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ። ዶሜኑም ተወሰደ።

ከዚያ ምን ሆነ? ኦፕሬተሮቹ ብቅ አሉ። ኤፍቢአይ ከዳታ ሴንተር ዕቃችንን ወስዷል፣ ሆኖም ዳታቤዙና የዋሌቱ ከፊል አለን አሉ። ለደንበኛው ከባላንሱ 55 በመቶውን በኮይን፣ 45 በመቶውን በቶክን እንሰጣለን አሉ። እና አደረጉት! ሴፕቴምበር 2017 ላይ ዌክስ በሚል ስም በኒውዚላንድ ዶሜን ተከፈተ። ሰዎች ገቡ፣ የድሮ ባላንሳቸውን አዩ፣ ከ55 በመቶው ያወጡም ብዙ ነበሩ። በጊዜው የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ። "ከኤፍቢአይ የተረፈ ኤክስቼንጅ" እየተባለ ይወደስ ነበር። የቢትኮይን ዋጋ ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ 20 ሺህ ዶላር ተጠግቶ ስለነበር 55 በመቶውን ያገኘ ሰው በዶላር ሲሰላ ከበፊቱ የበለጠ ይዞ ወጥቷል።

ችግሩ አለመውጣታቸው ነው። ብዙው ሰው "ተመልሰዋል እኮ" ብሎ እዚያው መገበያየቱን ቀጠለ፣ አዲስ ገንዘብም አስገባ። በጁላይ 2018 ዌክስ የዋና ዋናዎቹን ኮይኖች ዊዝድሮው አቆመ። ከዚያ በኋላ ዝምታ። የቢቢሲ የሩሲያኛው ክፍል በ2019 ባወጣው ምርመራ የጠፋው ወደ 450 ሚሊዮን ዶላር ነው። የቶክኑ ነገርማ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

እኔ ከዚህ የማየው እንዲህ ነው። የተወረሰ ኤክስቼንጅ ዳግም ሊከፈት ይችላል። ኮይንም ሊከፍል ይችላል። ሁለተኛው ቤት ግን ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ባለቤቶቹ የሚፈለጉ ሰዎች ናቸው፣ ባንክ አይቀርባቸውም፣ ኦዲት የለም፣ የሚጎድለው 45 በመቶ ደግሞ ከአየር አይመጣም። መሙላት የሚቻለው ከንግድ ኮሚሽን ብቻ ነው። የሚፈራ ኤክስቼንጅ ላይ ደግሞ ማን ነው የሚነግደው?

ተስፋ_አንቆርጥም፦

ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዩ። ቶክን ሰጥቶ በትክክል የከፈለ አለ፣ ቢትፊኔክስ። በኦገስት 2016 ወደ 120 ሺህ የሚጠጋ ቢትኮይን ተሰረቀበት። ኪሳራውን በሁሉም ደንበኛ ላይ አካፈለ፣ ከእያንዳንዱ ባላንስ 36 በመቶ ገደማ ቆረጠና ለጎደለው ዶላር ሁሉ ቢኤፍኤክስ የሚባል ቶክን ሰጠ። ሰው በጣም ተሳደበ። መጀመሪያ አካባቢ ቶክኑ ከአንድ ዶላር በእጅጉ በታች ነበር የሚሸጠው። ግን በኤፕሪል 2017 በሙሉ በአንድ ዶላር ገዝተው ጨረሱ። ስምንት ወር ብቻ! እና የባለባላንስ ኤክስቼንጅ ለምን አይችልም? ሰዎቹ ሳይሸሹ መጻፋቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሰንሰለት፦

@ተስፋ_አንቆርጥም ታሪኩ እውነት ነው፣ ግን ለዚህ ሰው አይሆነውም። ቢትፊኔክስ ተሰረቀ እንጂ አልተወረሰም። ዶሜኑ፣ ሠራተኞቹ፣ ደንበኞቹ፣ ንግዱ ሁሉ እንዳለ ነበር። በሳምንት ገደማ ውስጥ ሥራ ጀመረ፣ ገበያውም ሽቅብ እየወጣ ስለነበር ከኮሚሽን ጥሩ ገንዘብ ያስገባ ነበር። ቶክኑንም ከፈለጉ በኩባንያው አክሲዮን መቀየር ይቻል ነበር፣ ማለትም ጀርባው ላይ የሚታወቅ ድርጅት አለ። ከዚያ ላይ ሕጉ በእነሱ ወገን ነበር። በ2022 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከተሰረቀው ከ94 ሺህ በላይ ቢትኮይን ሲይዝ እነሱ ተበዳይ ሆነው ነው የቀረቡት።

የተወረሰ ኤክስቼንጅ ግን ተከሳሽ ነው። ኮልድ ዋሌቱ ውስጥ የቀረው ኮይንም ቢሆን ምልክት ይደረግበታል። ሌላ ኤክስቼንጅ ላይ ስታስገባው "ከየት አመጣኸው" ተብለህ አካውንትህ ሊታገድ ይችላል። የጋራንቴክስን መጨረሻ እይ። ግሪኔክስ በሚባል ስም ወዲያው ተመለሰ፣ የደንበኞችን ባላንስም ኤ7ኤ5 በሚባል ከሩብል ጋር በተያያዘ ቶክን አማካይነት አሸጋገረ። በኦገስት 2025 አሜሪካ ግሪኔክስንም ማዕቀብ ውስጥ ከተተችው። ስሙን ቀይሮ የመጣን መንግሥታት ከበፊቱ በፈጠነ ጊዜ ነው የሚደርሱበት።

ሰነድ_ያዥ፦

ስለ ፍርድ ቤቱ መንገድ እኔ ልጻፍ፣ ለዓመታት የምከታተለው ጉዳይ ስለሆነ። ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ መለየት ያለብህ ኤክስቼንጁ ከስሯል ወይስ ተወርሷል የሚለውን ነው። መንገዳቸው አንድ አይደለም። ሲከስር በፍርድ ቤት የሚሾም አጣሪ ይኖራል፣ ደንበኛው አበዳሪ ተብሎ ይመዘገባል፣ ያለው ሀብት ተሰብስቦ ይከፋፈላል። ሲወረስ ግን ገንዘቡ የወንጀል ፍሬ ወይም መሣሪያ ነው ተብሎ ነው የሚያዘው። ክሱ ብዙ ጊዜ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ስለዚህ አቃቤ ሕጉ "ተበዳይ" የሚለው መጀመሪያ በሃክና በማጭበርበር ገንዘቡን የተዘረፈውን፣ ገንዘቡም በዚያ ኤክስቼንጅ በኩል ያለፈበትን ሰው ነው። አንተ ተራ ደንበኛ ነህ። መብት የለህም ማለቴ አይደለም፤ ግን በራሱ ጊዜ አይመጣልህም፣ አንተ ነህ የምትጠይቀው፣ ገንዘቡ ከንጹሕ ምንጭ መምጣቱንም የምታስረዳው አንተ ነህ።

በአሜሪካ ከሆነ ሁለት በር አለ። አንደኛው በውርስ ክሱ ውስጥ "ይህ ንብረት የእኔ ነው" ብሎ መግባት ነው። ይህ በር ጠባብ ነው፣ የተያዘው የተወሰነ ንብረት ላይ መብት እንዳለህ ማሳየት ይጠበቅብሃል፤ ኮይንህ ከሺህ ሰው ኮይን ጋር ተቀላቅሎ ሳለ ደግሞ ይህ ይከብዳል። ቀነ ገደቡም አጭር ነው፣ እንደ ክሱ ዓይነት የ30 ወይም የ60 ቀን ነገር ነው። ማስታወቂያው በመንግሥት የውርስ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፣ ለአንተ በግል ላይደርስህ ይችላል። ሁለተኛው በር ሪሚሽን ይባላል። ውርሱ ካለቀ በኋላ ፍትሕ ሚኒስቴርን "ጉዳት ደርሶብኛል፣ ከተያዘው ላይ ይመለስልኝ" ብለህ የምታመለክትበት ነው። ብዙ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ቪኒክን አስቡት፤ በ2017 ተያዘ፣ ወደ ፈረንሳይ ተላከ፣ እዚያ ተፈረደበት፣ በ2022 ወደ አሜሪካ ተወሰደ፣ በ2024 ጥፋቱን አመነ፣ በ2025 በእስረኛ ልውውጥ ወደ ሩሲያ ተመለሰ። በመካከሉ የኒውዚላንድ ፖሊስ ከእሱ ጋር የተያያዘ 140 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር በ2020 አገደ። ገንዘቡ በየአገሩ ተበታትኖ፣ ሁሉም አገር የራሱ ፍርድ ቤት ኖሮት፣ ደንበኛው መሀል ላይ ቆሟል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ዋጋው። ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ በየትኛው ቀን ዋጋ? ኤፍቲኤክስ የሚባለው ትልቅ ኤክስቼንጅ ኖቬምበር 11 ቀን 2022 ሲከስር የሁሉም ሰው ሂሳብ በዚያን ቀን ዋጋ ወደ ዶላር ተቀየረ። አንድ ቢትኮይን 16 ሺህ 871 ዶላር ተባለ። ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ከ50 ሺህ ዶላር በታች ለነበራቸው 119 በመቶ ገደማ ተከፈለ። ጋዜጣው "ከሙሉ በላይ ተከፈሉ" ብሎ ጻፈ። አንድ ቢትኮይን የነበረው ሰው ግን 20 ሺህ ዶላር ገደማ ሲቀበል ገበያው ላይ ዋጋው 90 ሺህን አልፎ ነበር። ይህ በጣም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ሰዎቹ ያስቀመጡት ዶላር ሳይሆን ኮይን ነበር።

ማውንት ጎክስ የሚባለው የጃፓን ኤክስቼንጅ በተቃራኒው ነው። በ2014 ከሰረ፣ ጠፋ የተባለው 850 ሺህ ቢትኮይን ነው፣ በኋላ 200 ሺህ ያህሉ አንድ የድሮ ዋሌት ውስጥ ተገኘ። በጃፓን የኪሳራ ሕግ ሂሳቡ በ2014 ዋጋ ሊዘጋ ነበር። አበዳሪዎቹ ታገሉና በ2018 ጉዳዩ ወደ ሲቪል ማገገሚያ ሥርዓት (ዕዳ ከአበዳሪዎች ጋር በሚስማሙበት ዕቅድ የሚከፈልበት) ዞረ፣ በዚያ ምክንያት በኮይን መክፈል ተቻለ። ክፍያው የጀመረው ጁላይ 2024 ነው። አሥር ዓመት! ግን ቢትኮይን ነው ያገኙት። በኒውዚላንድም ክሪፕቶፒያ በሚባለው ኤክስቼንጅ ጉዳይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2020 ኮይኖቹ የደንበኞቹ ናቸው፣ ኩባንያው በአደራ ነው የያዘው ብሎ ወሰነ። ያ ባይሆን ሌሎች አበዳሪዎችም ከደንበኛው ጋር እኩል ይሻሙበት ነበር።

ዳግም ስለመክፈት ደግሞ፣ ኤፍቲኤክስም ሞክሮት ነበር። ያውም በፍርድ ቤት ቁጥጥር፣ ምርጥ ጠበቆችና ብዙ ቢሊዮን ዶላር ተሰብስቦ እያለ። በጃንዩዋሪ 2024 ጠበቃቸው ገንዘብ አውጥቶ ለማስቀጠል የሚፈልግ ባለሀብት አልተገኘም ብሎ ዕቅዱ መቅረቱን ለፍርድ ቤቱ ነገረ። ይህ ለእኔ ትልቅ ምልክት ነው። በግልጽ የሚሠራው ካልቻለ በቴሌግራም የሚሠራው እንዴት ይችላል?

ባለባላንስ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በእውነት። አድሚኖቹን ሳይን አድርጉ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ለደህንነት ሲባል አይቻልም" አሉና ከግሩፑ አስወጡኝ። ዩኤስዲቲውንም ፈልጌ አድራሻው መታገዱን አየሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አዲሱ ሳይት ተከፍቶ ባላንሴን ቢያሳየኝ፣ ቶክኑን ብቀበል በፍርድ ቤት የመጠየቅ መብቴን አጣለሁ? ሌላው፣ አንድ ሰው በውስጥ መስመር ጽፎልኝ "ከመርማሪዎቹ ጋር ነው የምንሠራው፣ ኮይንህን አግኝተነዋል፣ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ ክፈል" እያለኝ ነው። ስሜንም ያለኝን መጠንም ያውቃል።

የቆየ_ነጋዴ፦

ሁለተኛውን አሁኑኑ ብሎክ አድርገው! ሌባ ነው። ስምህን ማወቁ አያስደንቅ፣ ዳታቤዙ ወጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ አንዴ የተጎዳን ሰው እየለቀሙ ነው የሚኖሩት፣ ኤፍቢአይ ራሱ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። የትኛውም መርማሪ የተያዘ ገንዘብ ለመመለስ ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም። ሲድ ፍሬዝ (ዋሌትህን የሚከፍቱትን ምስጢራዊ ቃላት) ከጠየቀህም ሌሎች ዋሌቶችህን ሊያራግፍ ነው።

ሰነድ_ያዥ፦

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። መቀበልህ ብቻውን መብትህን ይሰርዛል ብዬ አላስብም፣ ግን አዲሱ ሳይት ላይ "እስማማለሁ" የምትለውን ውል ሳታነብ አትጫን። "የቀድሞው ዕዳ በሙሉ ተወራርዷል" የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ እዚያ ላይ ነው አደጋው። የውሉን ገጽ ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ። መጀመሪያ ደግሞ ሳይቱ ወይም ሰዎቹ ማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን እይ፣ ካሉ ጨርሶ አትግባ፤ በኋላ ፍትሕ ሚኒስቴር ፊት ንጹሕ ደንበኛ ነኝ ስትል ይጠየቅብሃል።

እስከዚያው ሰነድ ሰብስብ። የዲፖዚት ትራንዛክሽን ቁጥሮች፣ ከኤክስቼንጁ የመጡልህ ኢሜይሎች፣ የባላንስህ ስክሪንሾት፣ ኮይኑን መጀመሪያ የገዛህበት ደረሰኝ። ደረሰኙን አትናቅ፣ የገንዘቡን ምንጭ የሚያሳየው እሱ ነው። የክሱን ቁጥር ከወረሱት ሰዎች ማስታወቂያ ላይ ውሰድና የውርስ ድረ ገጹን በየሳምንቱ ተመልከት።

እነዚያ ሰዎች ደግሞ እውነት ሆኖ ኮይን ከሰጡህ፣ አዲስ ዲፖዚት ሳትጨምር በዚያው ቀን ወደ ራስህ ዋሌት አውጣው፤ ከሌላው ገንዘብህ ጋር እንዳይቀላቀል አዲስ አድራሻ ክፈትለት። ያወጣኸውንም መጠን በቀኑ ዋጋ መዝግብ፣ ለፍትሕ ሚኒስቴር ስታመለክት ከጠቅላላ ጥያቄህ ተቀንሶ መጻፍ አለበት።